የሚንተባተብ መጋዝ

ጡረታ መውጣቴን የነገሩኝ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የጽሕፈት ቤቱ ሰው በወጉ ነገረኝ። ዝም ስል ያልሰማሁት መስሎት ጠጋ ብሎ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሰምቼው ነበር፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው ዝም ያልኩት። ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ በኋላ ያሉኝን አላውቅም። የሁሉም አፍ ሲንቀሳቀስ አየሁና እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ሥራዬ የሞተር መጋዝ ነበር። ዛፍ መጣል፣ ግንድ መሰንጠቅ፣ መጋዙ ሲታመም ደግሞ ፈትቶ ማዳን። ገበሬው መጋዙንም መጋዝ የያዘውንም ሰው "ሞተር" ነው የሚለው፤ "ሞተሩ መጣ" ሲባል ከሁለታችን የትኛችንን እንደሆነ የሚለይ የለም። ከእስቴ እስከ ስማዳ፣ ከላይ ጋይንት እስከ ታች ጋይንት፣ የመንግሥት ባሕር ዛፍ ባለበት ሁሉ ኖሬአለሁ። አሁን ቤቴ ንፋስ መውጫ ነው። ግቢ አለኝ፣ ባለቤቴ ብርቅነሽ አለች፣ አንዲት ልጃችን ሰብለ ባሕር ዳር ባል አግብታ ትኖራለች። እንዲህ ሲጻፍ የሞላ ቤት ይመስላል።

ጆሮዬን የበላው መጋዙ ነው፤ ያውም በአንድ ቀን አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ሄደ። ቀጥሎ የሕፃንና የሴት ድምፅ። ወፍራም የወንድ ድምፅ ትንሽ ቆየልኝ። እንግዲህ በዚህ ዓለም ላይ መጨረሻ ድረስ አጥርቼ የሰማኋቸው ሰዎች የመሥሪያ ቤት አለቆቼ ናቸው። አይ የኔ ዕድል።

ሰብለ የጆሮ መሣሪያ ገዝታ ልካልኝ ነበር። ባደርገው ንፋሱን አጎላብኝ። ከተማው ስሙም ንፋስ መውጫ ነው፤ እዚህ አገር ንፋስ የሚያጎላ ዕቃ ማን ይፈልጋል? ሞተር አጠገብ ስደርስ ደግሞ ጭንቅላቴ ውስጥ ያፏጫል። ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ብርቄ መጀመሪያ ላይ ትጮኽልኝ ነበር። ጨው አለቀ ለማለት መጮኽ፣ በሩን ዝጋው ለማለት መጮኽ። እኛን ከጎረቤታችን ከየሺ የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። አንድ ቀን የሺ ሁለት ሽማግሌ አስከትላ መጣች፤ ልታስታርቀን። "ዘንድሮ ከናንተ ቤት ጩኸት አልጠፋም፤ በስተርጅና ምን ነካችሁ?" አለች አሉ። አልተጣላንም ብንል ማን ይመነን? የተጣላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው እንዲያ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩን፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር ተባባሉ አሉን። ባልተጣላነው ጠብ ይቅር ተባባልን፤ ጉልበት ስመን መርቀውን ሄዱ። እኔ ስቄ ተውኩት። ብርቄ ግን ውርደቱ ገባባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። የምትፈልገውን በእጅዋ ታሳየኛለች፤ በእጅ የማይነገረውን ትተወዋለች።

እጅ ምን ያህል ይናገራል? ብላ፣ ና፣ ዝጋ፣ ዝናብ መጣ፤ በቃ ይህ ነው። ሰብለ ስትደውል ብርቄ ስልኩን ይዛ ደጅ ትቀመጣለች። ትስቃለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ምን አለች ስላት እጅዋን ታወዛውዝልኛለች፤ ደህና ናት ማለት ነው። ያ ሁሉ ወሬ ለኔ ሲደርስ ደህና ናት ብቻ ይሆናል። ጫካ ውስጥ ብቻዬን አድሬ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ግን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። የምፈራው ሞትን አይደለም፤ በገዛ ቤቴ፣ ከሚስቴ ጋር አንድ ማዕድ እየቀረብኩ፣ እንደ እንግዳ ሰው ዝም ተባብለን ዕድሜያችን እንዳያልቅ ነው።

እጄ ሥራ ይፈልግ ነበርና መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲያወጣ አንድ የሞተር መጋዝ ገዛሁ። ቀለሙ ለቋል፣ የእጀታው ላስቲክ ተልጧል፣ ሞተሩ ተጣብቆ አይዞርም። ሰው ሁሉ "ሽማግሌው ቆራሌው ሊሆን ነው" ብሎ እንደሳቀብኝ ከፊታቸው አውቄአለሁ። መጋዙን ግን አውቀዋለሁ። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደገደልኩት ያልሰማ ደግሞ በጋይንት የለም። ያን ለመናገር ከጋሼ ንጉሤ መጀመር አለብኝ።

ጋሼ ንጉሤን ያገኘኋቸው እስቴ ነው። እኔ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ፕላስቲክ ላይ አፈር የምሞላ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሳቸው በወረዳው የሞተር መጋዝ የሚይዙ ብቸኛ ሰው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቆብ የማይለያቸው ነበሩ። በልጅነታቸው ጋይንት ቤተልሔም ገዳም ወርደው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓ፣ ሲማሩ ቆይተው ዓይናቸውን ታመው ትምህርቱን ተዉት። ዜማው ግን ከጆሯቸው አልወጣም። ለምን እኔን እንደመረጡኝ ጠይቄአቸው ነበር። "ስትሠራ አታፏጭም" አሉኝ። ሌላ ምክንያት አልነገሩኝም።

መጋዝ ሲፈቱ ንጹሕ ጆንያ ያነጥፋሉ። መጀመሪያ የወጣውን በግራ፣ መጨረሻ የወጣውን በቀኝ ይደረድራሉ፤ ሲገጥሙ ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳሉ። ያን ጆንያ የተራመደ ሰው ለሳምንት ሰላምታቸውን አያገኝም። ድምፅ ከማዳመጣቸው በፊት የአየር ማጣሪያውን ያጥባሉ፣ የቤንዚን ቱቦውን በጣታቸው እየደባበሱ ስንጥቅ ይፈልጋሉ፣ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አውጥተው ቀለሙን ያያሉ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቁር ከሆነ በዝቶበታል፣ የደረቀ ገል መልክ ካለው ደህና ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ካርቡሬተሩ ላይ ያሉትን ብሎኖች አይነኩም። እኔ ስቸኩል "ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ አታናግረው" ይሉኛል።

ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው፣ ግራ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሥራውን "ማስተካከል" አይሉትም፤ "መቃኘት" ነው የሚሉት። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር እንደ ዜማው ዝቅ ያለ ግዕዝ ነው ይላሉ። ሙሉ ቤንዚን ሲሰጡት ድምፁ ቀጥኖ ወደ ላይ ከወጣ "አራራይ ገባ፤ መልሰው" ይሉኛል። መመለስ ማለት ብሎኑን ትንሽ ከፍቶ ቤንዚን መጨመር ነው። የድጓ መምህራቸው ቢሰሟቸው ምን ይሏቸው እንደነበር እንጃ፤ እኔ ግን ከሌላ ሰው ብማረው ኖሮ አይገባኝም ነበር።

ትልቁ ትምህርታቸው አንድ ቃል ነው። "ይንተባተብ ተወው።" መጋዙን እንጨት ሳይነካ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጠው ድምፁ ጥርት ማለት የለበትም። መንተባተብ አለበት፤ ምላሱ እንደተያዘ ሰው። እንጨት ውስጥ ስታስገባው፣ ሥራው ሲከብደው፣ ያን ጊዜ ይጠራል። ያልለመደ ሰው መንተባተቡን እንደ በሽታ ቆጥሮ ብሎኑን እየዘጋ ያጠራዋል። ድምፁ ያምራል፣ ጉልበቱም የጨመረ ይመስላል፤ ቤንዚን ግን አንሶታል። ዘይት የሚደርሰው ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ስለዚህ በባዶው ጥርት ብሎ የሚጮኽ መጋዝ እየደረቀ ያለ መጋዝ ነው።

ከእስቴ ሁለታችንንም ወደ ንፋስ መውጫ አዛወሩን። አለቃችን ያኔ ቶሎ ቶሎ ነበር። ስሙ አይደለም፤ እኛ ያወጣንለት ነው። ሰላምታውም ትእዛዙም ስንብቱም "ቶሎ ቶሎ" ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበላዩ ያሉት እሱንም እንደዚያው ያጣድፉታል። አንድ ቀን ጠርቶኝ ከወገዳ በታች ቆላው ላይ ለትምህርት ቤት ጣሪያ የሚሆን ትልልቅ ባሕር ዛፍ ክረምት ሳይገባ ይቆረጥ አለኝ። ጋሼ ንጉሤ እህታቸው ሞታባቸው ለቅሶ ላይ ነበሩ። መጋዙን ይዤ ብቻዬን ወረድኩ።

መጋዙ የተቃኘው ንፋስ መውጫ ነው፤ ብርድ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት። ቆላ ሲወረድ ብሎኑ እንደሚነካ አውቃለሁ። ጋሼ ንጉሤ ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ወዴት እንደሚያዞሩት ግን ልብ ብዬ አላየሁም፣ አልጠየቅሁምም። እንደ ደጋ ሰው አሰብኩ። እኛ ደገኞች ብርድ ላይ ጠግበን እንበላለን፤ ቆላ ስንወርድ ሙቀቱ እህል ያስጠላናል፣ የሚያሰኘን ውኃ ብቻ ነው። ሞተሩም እንዲሁ ነው አልኩ። በዚህ ሐሩር ይህ ሁሉ ቤንዚን ምን ያደርግለታል ብዬ ብሎኑን ዘጋሁበት። ወሩም ሁዳዴ ነበር፤ እኔም አንጀቴ ተጣብቆ ነው የምሠራው።

የድምፁ ማማር። ጥርት አለ። ገበሬዎቹ "ዛሬስ ሞተሩ ጎበዘ" ሲሉኝ ደረቴ ተነፋ። ትንንሾቹን ዛፎች አንድ በአንድ ጣልኩ። የመጨረሻውን፣ መንገድ ዳር ያለውን ትልቁን፣ ግማሽ ድረስ እንደገባሁ ድምፁ ይበልጥ ቀጠነ፤ ከዚያ ሰው ትንፋሽ እንደሚያጥረው ቀጥ አለ። ገመዱን ብስብ አይመጣም። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀርቷል።

ግማሹ የተቆረጠ ዛፍ ካልተነካ ዛፍ የከፋ ነው። ትተነው እንዳንሄድ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ንፋስም ተነሥቷል። ገበሬዎቹ መጥረቢያ ይዘው ገቡ። እኔ የጀመርኩትን ሌላ ሰው በመጥረቢያ ሲጨርስ ቆሜ አየሁ። ዛፉ ወዳሰብነው አልወደቀም። ተጠማዝዞ ዞረና የአንድ ገበሬ ማድ ቤት ላይ ተኛ። ሚስቱ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር እንጂ ዛሬ ይህን የምጽፍ ሰው አልሆንም። ሰውዬው አልተቆጣም። የፈረሰውን ግድግዳ ዞሮ ዞሮ አየና "እንግዲህ እንጨቱን ቤታችን ድረስ አመጣህልን" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ማድ ቤቱን ከመንደሩ ሰው ጋር መልሰን ሠራን። ጋሼ ንጉሤ ከለቅሶ እንደተነሡ ቆላ ድረስ ወረዱ። ጆንያቸውን አነጠፉ፣ ማርሚታውን ፈትተው በጭስ መውጫው ቀዳዳ ፒስተኑን አሳዩኝ። ጎኑ ተጋግጧል፣ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ሲሊንደሩ ላይ ተለስኗል።

"ብሎኑን ወዴት አዞርከው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው፤ የእህሉንና የሙቀቱን ሐሳቤንም ጨምሬ።

"ሞተሩን አስጾምከው" አሉ።

ሊስቁ ይሆናል ብዬ ቀና ብዬ አየኋቸው። አልሳቁም። "ስማ ልጄ፤ ሞተር አይጾምም። የሚበላው አየር ነው። ቆላ አየሩ ወፍራም ነው፤ አየር ሲበዛለት ቤንዚንም ካልበዛለት ይቃጠላል። ስትወርድ ክፈትለት፣ ስትወጣ ዝጋበት።" ከዚህ ሌላ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። "ሞተር ያስጾመው" የሚለው ስም ግን በየወረዳው ተከትሎኝ ዞረ። ዛሬም አርብ ገበያ ብሄድ ፊታቸው ፈገግ ይላል፤ ምን እንደሚሉ ባልሰማም አውቀዋለሁ።

መለዋወጫ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። መጋዝ የሌለው ባለ መጋዝ ምን ይሠራል? ጋሼ ንጉሤን የዕቃ መጋዘኑ ዘበኛ አደረጓቸው። መጋዙ ውስጥ ተጥሎ፣ እሳቸው በሩ ላይ ዱላ ይዘው ተቀመጡ። በኋላ አዲስ መጋዝ ሲመጣ ለወጣት ይሰጥ ተባለና ለእኔ ሰጡኝ። ልነግራቸው ስሄድ ሰምተው ነበር። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝና "ቃኘው" አሉኝ። ያን ቀን እንዳለቀስኩ አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም። ዘበኛ እንደሆኑ አረፉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠራሁ። ታች ጋይንት አርብ ገበያ ተመድቤ ሳለ የገበያ ዕለት ሰንሰለት ስሞርድ ገበሬው አህያውን አስሮ ዙሪያዬን ይቆምና እያንዳንዱን ጥርስ ስስል ይመለከት ነበር። አንዲት የሴት አለቃ ነበረችን፤ እኛ በቆረጥነው ጉቶ ሥር ሳንነሣ አገር በቀል ችግኝ ታስተክላለች፣ "እናንተ ስታፈርሱ እኔ ስሠራ" እያለች ታሾፍብናለች። ደመወዙ ያው እንደ መንግሥት ሥራ ነው፤ አይበቃም፣ አይቀርም። ቤት ስመጣም መጋዙን ይዤ ነበር የምመጣው። ስቆርጥ ጆሮዬ ላይ ጥጥ እወትፋለሁ፣ ስቃኝ ግን አወጣዋለሁ፤ በጥጥ ውስጥ መንተባተቡ አይሰማም። እንግዲህ ጆሮዬን የሰጠሁት ለቃኘሁባቸው ሰዓቶች ነው። አላዝንበትም ብል ውሸት ነው። አዝናለሁ።

ወደ መጨረሻው ግድም የወጣቶች ማኅበር መጋዝ አምጥተውልኝ ቃኝቼ ሰጠኋቸው። በማግሥቱ መልሰው አመጡት። ቅኝቱን እንደሳትኩ ገባኝ፤ እነሱ ግን ሰንሰለቱን ብቻ ሞርድልን ብለው በምልክት አሳዩኝ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የሚያመጣልኝ የሚሞረድ ሰንሰለት ሆነ። ሞረድ ጆሮ አይፈልግም።

ለዚህ ነው ያን አሮጌ መጋዝ የገዛሁት። ግቢዬ ውስጥ ጆንያ አንጥፌ ፈታሁት። ሲሊንደሩ ላይ የተለሰነውን አሉሚኒየም በብርጭቆ ወረቀት እያሻሸሁ፣ እየጠረግሁ፣ ደግሞ እያሻሸሁ፣ ታችኛው ንጣፍ እንዳይነካ ስሳሳለት ክረምቱ አለፈ። ሥሩ ደህና ነበር፤ ጥፍሬን አስኬጄበት አልያዘኝም። አዲስ ፒስተን ከነቀለበቱ እንዲያስመጣልኝ ገበያ ውስጥ ሱቅ ላለው ለሰይድ ነገርኩት። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ሰይድ ደግ ሰው ነው፤ ከሩቅ ሲያየኝ እንዳልደክም ብሎ ራሱን ይወዘውዝልኛል፣ አልመጣም ማለት ነው። የመጣ ቀን ሱቁን ትቶ ቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ።

ቀለበቱን ዘይት ቀብቼ አስገባሁ። የዘንጉን ላስቲኮች፣ ጋስኬቱን፣ የደረቀውን የቤንዚን ቱቦ ቀየርኩ። የካርቡሬተሩ ቀጭን የላስቲክ ሽፋን እንደ ደረቅ ቆዳ ሆኖ ነበር፤ እሱንም ለወጥኩት። ከቀኝ ወደ ግራ ገጥሜ ስጨርስ ጆንያው ላይ የቀረ ዕቃ አልነበረም። ገመዱን ደጋግሜ ሳብኩ። ጭስ አየሁ። ጭሱን ባላይ ኖሮ መነሣቱን አላውቅም ነበር።

አሁን መቃኘት ቀረ። ሲሞቅ ጠብቄ ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁት። ጆሮዬ ውስጥ የሚገፋ ነገር አለ፤ ድምፅ ግን አይደለም። እጀታውን ጨብጬ በመዳፌ ላዳምጠው ሞከርኩ። ጣቶቼም እንደ ጆሮዬ ናቸው፤ ዕድሜ ልክ ሲንቀጠቀጡ ኖረው ደንዝዘዋል። መጋዙ ከሁለቱም በኩል በልቶኛል። ካንዴላ እያወጣሁ ቀለም ላይ ልሄድ እችላለሁ፤ ግን ካንዴላ ያለፈውን ነው የሚነግርህ፣ ነጭ ሆኖ እስካየው ድረስ ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። ሁለተኛ ልገድለው ነው አልኩ። ካቻቢቴውን ይዤ ብሎኑን በግምት ትንሽ ዘጋሁ፣ ደግሞ ትንሽ ዘጋሁ።

ብርቄ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ መጣች። ጩኸቱ መሯት ልታስጠፋኝ ነው ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ዞራ ፊቴ ቆመችና ትንሿን ጣቷን አወጣች። ከሳህ የምትለኝ መሰለኝ። ራሷን ነቀነቀች፣ ጣቷን ወደ ሞተሩ ቀሰረች፣ ደግሞ ትንሿን ጣቷን አሳየችኝ። ቀጥኗል ነው የምትለው። አላመንኳትም። ያን ጊዜ አንጓዬን ያዘችና ካቻቢቴውን ከነእጄ ወደ ኋላ አዞረችው። ጠበቀች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ደግሞ ትንሽ አዞረችው። ከዚያ እጄን ለቀቀችና አንድ ቃል ተናገረች። ከንፈር ሁለት ጊዜ የሚገጥምበት ቃል ነው፤ ከአፏ ላይ አነበብኩት። ይንተባተባል።

ግቢው ውስጥ የተጋደመ ግንድ ነበርና እሱን ቆረጥኩ። መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ሲገባ ዞሬ አየኋት፤ መዳፏን ዘረጋችልኝ፣ ጠራ ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ካንዴላውን አወጣሁ። የደረቀ ገል መልክ አለው። እንዴት አወቅሽው ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷን አጨማደደችብኝ፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ ስታስጮኽብኝ አይደል የኖርከው ማለቷ መሆኑ ገባኝ። እኔ ስቃኝ እሷ ምስር ስትለቅም፣ ልብስ ስታጥብ፣ ልጅ ስታስተኛ፣ ጋሼ ንጉሤ እኔን ያስተማሩኝን ሁሉ ሳታስበው ተምራዋለች።

መልሼ አስነሣሁትና በቀስታ እንዲዞር ግንዱ ላይ አስቀመጥኩት። ብርቄ አጥሩን አየች። ሞተሩን አየች። ከዚያ መጥታ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገችና በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

"የሺ ዶሮዎቿን ሆን ብላ ነው የምትለቅብን።"

ሰማኋት። ደንግጬ ወደ አጥሩ ዞርኩ፤ ማንም የለም። ሞተር እየዞረ የሚጮኽ ሰውን ማን ልብ ይለዋል? ሐሜት እንዴት ይጮኻል? ይኸው መጮኽ ቻለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግድብ እንደ ፈረሰ ነው። የየሺን ዶሮዎች ጨረሰች፣ የሰይድን ሚስት አነሣች፣ ያስታረቁንን ሽማግሌዎች አማች። እኔ እስቃለሁ፤ እሷ ትጮኻለች።

"ሰብለ ፀንሳለች" አለችኝ።

"ምን አልሽ?"

"ፀንሳለች። የፊተኛው ወርዶባት የለ? ገፋ እስኪል ማንም አይስማ ብላኛለች። በእጄ ብነግርህ አንተ ራስህ 'አረገዘች ወይ' ብለህ ሰፈሩን ታሰማዋለህ፤ ስታወራ መጮኽህን መቼ ታውቀዋለህና።"

እውነቷን ነው። ሰብለ ልጄ። ብርቄ ስልክ ይዛ ደጅ ስትስቅና ዓይኗን ስትጠርግ የነበረው ለዚህ ነው። ቤንዚን በጠርሙስ በሚሸጥበት ጊዜ ሞተር ያለ ሥራ ማዞር እብደት ነው፤ መጋዙም ተቃኝቶ አልቋል። ማጥፊያውን አየሁት፤ አልነካሁትም።

አፏ አሁንም ከጆሮዬ አልተነሣም፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ጠርቼህ ነበር" አለች። "አንድ ሌሊት ልቤን ያዘኝና ጠራሁህ። አጠገቤ ተኝተሃል። እጄን ዘርግቼ እንዳልነካህ አቅም አጣሁ። ደጋግሜ ጠራሁህ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"በየት በኩል ልንገርህ?"

እጇን ያዝኩ። እሷ ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንደምትፈራ፣ እኔ ዝም ብዬ ስቀመጥ የተቀየምኳት እንደሚመስላት፣ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን የቀረች እየመሰላት እንደሆነ ነገረችኝ። ብቻዬን የቀረሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ሁለታችንም በየፊናችን አንድ ቤት ውስጥ ብቻችንን ኖረናል።

ጭሱ ሲቆም አየሁ። ቤንዚኑ አልቋል። ብርቄ መጥፋቱን ትስማ አትስማ አላውቅም፤ መጮኽዋን አላቆመችም። የየሺ ራስ ከቆርቆሮው በላይ ብቅ አለ። አፏ ተንቀሳቀሰ። ያለችውን አልሰማሁም፤ መልሱን ግን ሰማሁት። ብርቄ ወደ አጥሩ ሳትዞር፣ አፏን ከጆሮዬ ሳታነሣ፣ ድምፅዋንም ሳትቀንስ፣ "አልተጣላንም የሺ፤ እያወራን ነው" አለች። ከዚያም ካቆመችበት ቀጠለች።